የጋሽ ብሩሽ ስምንት ማዞሪያዎች

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ጠዋት ካፊያ ነበር፤ አሁን ደመናው ተገልጦ ብርድ ገብቷል። በጥገና ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እኔ ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ አለቃችን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ደፍቶ ከበሩ አጠገብ፣ ጋሽ ብሩሽ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሳጥን ላይ ሰቅለው።

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ታገሰህ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል ወይስ አሁንም ከታች ሆና ነው ቤቱን በጩኸት የምታስተዳድረው? እትዬ ደህና ናት? ልጆቹስ? ድንቡሼ ጥርሱ በቀለለት? እኔን ብትሉ ጤናዬ አልተጓደለም። ትናንት ሙሉ ቀን አጎንብሼ ስለዋልኩ ትከሻዬን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ለምን እንዳጎነበስኩ ለመንገር ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው።

ትናንት ደውዬ «ነገ አልመጣም» ስልህ የመለስክልኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። «ለአንድ ሽማግሌ መጫወቻ ብለሽ እናትሽን ሳታዪ ትቀሪያለሽ?» ነው ያልከኝ። እኔም ዘጋሁት። ንቄህ አይደለም። ስልክ ላይ ቃል እንደሚያንቀኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቃለህ፤ እጄ ላይ ወረቀት ሲኖር ነው ሰው የምመስለው። ደግሞም መጫወቻ ማለትህ ስህተት የለውም። ግማሹ በእርግጥ መጫወቻ ነበር።

እዚህ የምሠራውን በወጉ ነግሬህ አላውቅም። የሞቱ ኮምፒዩተሮች በማዳበሪያ ታጭቀው ይመጣሉ። ፈትቼ የሚሠራውን ከማይሠራው እለያለሁ፣ መዳን የሚችለውን አድናለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። በየሳጥኑ ግርጌ የሚገኘውን መመሪያ፣ ግማሹ የተቀደደ፣ ግማሹ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሥዕሉን እያየሁ ነው የለመድኩት። አንዳንዱ ነገር ደግሞ የገባኝ ካቃጠልኩት በኋላ ነው። አለቃችን «አንቺ እኮ ዶክተር ነሽ፤ ሬሳ ላይ ነው የተማርሽው» ይለኛል።

ጋሽ ብሩሽ ታፔላ ጻፊ ናቸው። ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም፤ ብሩሽ ካሉ እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የፀጉር ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የፋርማሲውን፣ የልብስ ሰፊውን ስም በእጃቸው ጽፈዋል፤ ነጭ ፊደል በሰማያዊ መደብ ላይ። ያ ሰማያዊ ከመንገዱ ማዶ ይታወቃል። ሌላ ሰው ሲሞክረው ወይ ይጠቁርበታል ወይ ይገረጣበታል። ከዚያ ማተሚያው መጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎቶ ያለበት ፕላስቲክ እየታተመ ሲወጣ ባለሱቆቹ የእሳቸውን ቆርቆሮ አውርደው የዶሮ ቤት በር አደረጉት። አንድ ቀን «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ‹እስቲ ይምጡ› ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ወደ እኛ የመጡት አምና በዚህ ወቅት ነው። በኮምፒዩተር መሳል እማራለሁ ብለው አንድ አሮጌ ማሽን ይዘዋል። ማውሱን በሁለት ጣት እንደ ሞተ በረሮ አንጠልጥለው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉትና «እህት ዓለም፣ ይሄ ለማን እጅ የተሠራ ነው? እኔ የምጽፈው ከትከሻዬ ነው። በዚህ ነገር ክንዴን ምን ላድርገው?» አሉ። ነገሩ ገባኝ። ጥግ ላይ ልጆች ስክሪን ላይ መኪና የሚነዱበት የጨዋታ መሪ ወድቆ ነበር። እግሩ ተሰብሯል። በእንጨት ደግፌ ከጠረጴዛ ጋር አሰርኩላቸው።

አስማት እንዳይመስልህ። ኮምፒዩተሩ መሪም አያውቅ፣ ፔዳልም አያውቅ፤ ሁሉም ለእሱ ቁጥር ነው። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ቁጥሩ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። በዚያ ቁጥር መኪና ማዞር ከተቻለ መስመር ማጠፍም ይቻላል። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ እየሞከርኩ እያበላሸሁ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መሪውን ሲያዞሩ መስመሩ በአሮጌ ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የታጠፈ ዕለት ጋሽ ብሩሽ «ና! ና! ጎሽ የኔ ልጅ!» እያሉ እንደ ወይፈን ጠሩት። አለቃችን ከውጭ ሮጦ ገባ፤ የተጣላን መስሎት።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘን። ከተበላሸ የስፌት መኪና ፔዳሉን ነቅዬ አመጣሁ፤ ጠንከር አድርገው ሲረግጡት መስመሩ ይወፍራል፣ ቀለል ሲያደርጉት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ልጆች ሙዚቃ እያዩ የሚዘልሉበት የፕላስቲክ ምንጣፍ አለ አይደል? እሱን በባዶ እግራቸው እየረገጡ ሥዕሉን ያሻግራሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያጠፋሉ። ከተዘጋ ሱቅ የመጣ የዋጋ ማንበቢያ ሽጉጥም አለን። የሳሙና መጠቅለያ ላይ ሲተኩሱ ቅጠል ይወጣል፣ የብስኩት ሲሆን ወፍ። ያን እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ለአንተ ነው የምነግርህ።

ቀለሙን የሚሰጡት መብራቶች ናቸው። አሮጌ መጋረጃዎችን ገጣጥሜ ሰፍቼ ግድግዳ የሚያክል ነጭ ጨርቅ ሠራሁ። መስመሩን ፕሮጀክተሩ ከፊት ይጥለዋል፤ ከጨርቁ ጀርባ ደግሞ የሱቅ መስኮት የሚያጌጡባቸው ጥቃቅን አምፖሎች፣ የመኪና የኋላ መብራቶች፣ ከኮምፒዩተር ሆድ የወጡ የሚያበሩ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል። ሁሉም የሚታዘዙት ከጭፈራ ቤት በመጣ አንድ የድምፅ ማስተካከያ ነው። ስምንት ማዞሪያ አለው። እነዚያን ስምንት ማዞሪያዎች አስታውስልኝ፤ ያስቀሩኝ እነሱ ናቸው።

እጃቸውን ብታይ! ግራ እጅ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅ ማዞሪያዎቹ ላይ፣ አንድ እግር ፔዳል ላይ፣ አንድ እግር ምንጣፍ ላይ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እንደ ታክሲ ሹፌርም ያደርጋቸዋል፣ እንደ ሸማኔም ያደርጋቸዋል። ቀለሙን ከጣታቸው ስር ሲያወጡት አንድም ቀን ወደ ታች አያዩም። እኔ እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ብዙ ቀን ብየዳዬን ይዤ ማየት ላይ እቀራለሁ፣ ብረቱ ጠረጴዛውን ያቃጥላል።

እንግዲህ ባለፈው ወር የከተማው የሙያ ማሠልጠኛ ዳይሬክተር፣ ቁጥብና ቀልጣፋ ሴት ናት፣ ወሬውን ሰምታ መጣች። ማተሚያው ሥራቸውን የወሰደባቸው ታፔላ ጻፊዎች በከተማው ብዙ ናቸው። ለእነሱ የሦስት ወር ትምህርት ብከፍት ያስተምራሉ ወይ አለቻቸው። ኅዳር ፲፰ ረቡዕ በአዳራሹ ያሳዩን፤ ከተስማማን በማግስቱ ይጀመራል አለች። ጋሽ ብሩሽ የዚያን ቀን ሲወጡ በሩን ስተው መስኮቱን ሊገፉ ነበር። ከደስታ ብዛት ነው ብዬ ሳቅኩ። ሞኝ ነኝ።

ሰኞ ማታ፣ ከነገ ወዲያ ወደ እናንተ ልሄድ አይደለሁ፣ አንድ ነገር አድርጌላቸው ልሂድ አልኩ። ስምንቱ ማዞሪያዎች ውርደት ነበሩ። የመጀመሪያው ክዳኑ ተሰንጥቋል። ሁለተኛው ይንገዳገዳል። ሦስተኛው መሃል ላይ ሲደርስ ይይዛል። አምስተኛው ውስጡ አሸዋ እንዳለ ሁሉ ይንኮሻኮሻል። በአልኮል አጠብኩ፣ ዘይት ሰጠሁ፣ የሦስተኛውን ውስጠኛ ክፍል በአዲስ ቀየርኩ፣ ለስምንቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ክዳን አደረግኩላቸው። በጣት ሲነኩ እንደ ቅቤ ይሄዳሉ። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ስቆይ እንዲህ ያማረ ጥገና አልሠራሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ብሩሽ መጡ። አለቃችን ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ቁጭ አሉና እጃቸውን ማዞሪያዎቹ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ቆመ። ከዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፤ በጨለማ ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው። «ማነው የነካው?» አሉ። እኔ በኩራት «አጽድቻቸው ነው፤ እንደ አዲስ ሆነዋል» አልኩ፤ ለእኔ ይህ ረዥም ንግግር ነው። አንዱን አዞሩት። ጨርቁ ቀላ። ጠረጴዛው፣ የሻይ ብርጭቆዬ፣ የሳቸው ነጭ ሸሚዝ ሁሉ ቀላ። ጋሽ ብሩሽ ፊታቸውን ወደ ጨርቁ አድርገው «ቀዩን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ቀዩ ፊታቸው ላይ እየነደደ ነው እኮ።

ወደ ፊታቸው ጠጋ ስል ገባቸው። እጃቸውን ከማዞሪያው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና በቀስታ ነገሩኝ። ቀለም ከተለያቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። መሃሉን ጉም ይዞታል፤ የሚያዩት ዳር ዳሩን፣ ብርሃንና ጥላውን ብቻ ነው። ግድግዳ የሚያክል ነገር የሚወዱት ለዚህ ነው። እኔን የሚያውቁኝ በአረማመዴ ነው። ቀለሞቹን ደግሞ በብልሽታቸው ነበር የሚያውቋቸው። ስንጥቁ አውራ ጣታቸውን ሲነካ ቀይ ነው። የሚንገዳገደው ብርቱካን። የሚንኮሻኮሸው አረንጓዴ። ሦስተኛው መሃል ላይ የሚይዝበት ቦታ ያ የራሳቸው ሰማያዊ ነው፤ ከዚያ አንድ ፀጉር ካለፈ ወይን ጠጅ ይሆናል። ምልክታቸውን ሁሉ በአልኮል አጥቤ ጣልኩት።

መጀመሪያ ላይ እንዴት አወቋቸው ብትል፣ ሱቅ ያላት እህታቸው እሑድ እሑድ እየመጣች አንድ በአንድ ነግራቸዋለች። እኔን መጠየቅ አፍረው ነው። «ደግሞ አንቺንስ ጠይቄ ነበር» አሉኝ። «ዓመት ሙሉ ‹ምን ይመስላል?› እልሻለሁ። አንቺ የተባረክሽ ‹ጥሩ ነው›! ፀሐይ ስስል ጥሩ ነው፣ አህያ ስስል ጥሩ ነው! እህቴ ናት የነገረችኝ፤ አንቺ አንድ ቀን እንኳ ‹አህያዋ አረንጓዴ ናት› አትዪም?» እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና «ለዳይሬክተሯ እንዳትነግሪ። ዓይኑ የጠፋ ሰው ቀለም ያስተምራል ቢሏት ማን ይቀበላል? ይሄ በር ከተዘጋብኝ ሌላ በር የለኝም» አሉ።

የዛሬ ንጋት ቲኬት ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወጥቼ የደወልኩልህ። ያበላሸሁትን ሳላስተካክል አውቶቡስ ላይ ብወጣ እማዬ ፊት ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እቀመጥ ነበር?

ማስተካከል ስል ደግሞ ማበላሸት ማለቴ ነው። የጥገና ደብተሬን አወጣሁ። አንድን ዕቃ ስፈታ ሕመሙን መጀመሪያ ሳልጽፍ አልነካውም። የስምንቱም እንከን ተጽፏል። አሮጌ ክዳኖቹን ከቆሻሻ ጣሳው ለቅሜ አምስቱን አገኘሁ። የቀረውን በሞረድ፣ በሙጫ፣ በአሸዋ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይመረምሩና ልብስ እንደሚያሰፋ ሰው ያርሙኛል፤ «ይሄ መንገዳገዱ በዛ፤ የድሮው እንደ ሽማግሌ ነበር፣ ይሄ እንደ ሰካራም ሆነ» ይሉኛል። አለቃችን ተመልሶ አየኝ። «ምን እየሠራሽ ነው?» «እያበላሸሁ ነው።» «ለማን?» «ለደንበኛ።» «እሺ፣ ቶሎ ጨርሺ፤ ሌላም ሥራ አለ» ብሎ ጋዜጣውን ዘረጋ።

እስከ ምሽት ሰባቱ ተመለሱ። ሦስተኛው እምቢ አለ። የድሮው ውስጠኛ ክፍል ሳወጣው ተሰብሯል። ሙጫ ባደርግ ጭራሽ አልዞር አለ፣ ሞርጄ ባየው ቦታውን ሳተ። ሰማያዊው ከሌለ ደግሞ ሥራው የለም፤ ነጩ ፊደል የሚታየው በእሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ተስማማን። አዳራሹ ውስጥ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ማዞሪያው ትክክለኛው ሰማያዊ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ አስላለሁ፤ እሳቸው እዚያ ያቆማሉ። «ሳልሽ ግን እንደ ንግግርሽ እንዳይሆን» ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ስልሳ ሰው ይሆናል፤ አብዛኛው እጁ ላይ የቀለም ጠባሳ ያለበት። መጋረጃው ተዘጋ። ጋሽ ብሩሽ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ፤ መስመሩ ከጨርቁ ግራ ተነሳ። መንገድ ሆነ። መንገዱ ዳር ቤት በቀለ፣ በር ተከፈተ፣ ከበሩ በላይ መቀስና ማበጠሪያ መጣ፤ ቀዩ መጣ፣ ብርቱካኑ መጣ። አርባ ዓመት የጻፏቸውን፣ አሁን አንዳቸውም ያልቀሩትን ታፔላዎች አንድ በአንድ እየሰቀሉ ነበር። አንዲት ሴት «የአባቴ ዳቦ ቤት!» ብላ ተነሳች። ሌላው «ቁጭ በይ፣ የኔም ይመጣል» አላት። ፔዳሉን ሲረግጡ ፊደሉ ይወፍራል፣ ሲለቁት ጫፉ ይሾላል፤ ልክ ብሩሽ ቆርቆሮ ላይ እንደሚሄድ።

ሰማያዊው ጋ ደረሱ። ሦስተኛውን ያዙት፣ ማዞር ጀመሩ። ጉሮሮዬን ሳዘጋጅ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጉንፋን የያዛቸው አባት ሳሉ። ጋሽ ብሩሽ ቀጥ አሉ። ጨርቁ ጭቃ መስሏል። ትንሽ ጠበቁ፣ ጠረጠሩ መሰለኝ፣ እንደገና አዞሩ። ሰውየው ደገሙት። አሁን ወይን ጠጅ ላይ ቆመ፤ ነጩ ፊደል ጠፋ። እኔም ሳልኩ፤ እሳቸው ደግሞ ከኔ በላይ ሳሉ። ጋሽ ብሩሽ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ጀመሩ። ከኋላ «ምን ሆኑ? ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» ተባለ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች።

የኔን ድምፅ ታውቀዋለህ። ጎረቤት ቤት እሳት ቢነሳ በር አንኳኩቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ነው የምናገረው። ግን ተነሳሁና «ወደ ግራ!» አልኩ። ጭንቅላት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ወደ ግራ፣ ጋሽ ብሩሽ፤ ትንሽ፤ ትንሽ፤ አሁን እዚያ ላይ ያቁሙ! መጣ! የእርስዎ ሰማያዊ ነው!» ጮኼ ነው የተናገርኩት። ጨርቁ በሙሉ ያ ሰማያዊ ሆነ፤ መንገዱ ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነው በሩ። ሳሉም ቆመ።

ጋሽ ብሩሽ እጃቸውን ሳያነሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ቀለም ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «ዛሬም ልደብቃችሁ ነበር። ያቺ ዝምተኛ ሴት አላስቻላትም። እኚያም አባት ጉንፋናቸውን ይማርልን።» ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። እኔ ግን ዳይሬክተሯን ነበር የማየው። አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ ፊት ሄደች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ማዞሪያዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካች። ከዚያ «ተማሪው ሲሳሳት በምን ያርሙታል?» አለቻቸው። «እጁን ይዤ» አሉ። «ቀለሙንስ?» ጋሽ ብሩሽ በጣታቸው አመለከቱ፤ እኔ ያለሁበት ሳይሆን በሩ ያለበት ነው ያመለከቱት። «እሷ ታያለች። ከተናገረች» አሉ።

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ መጣች። ነገ ሦስት ሰዓት አሥራ አንድ ሰው ይጠብቃል፤ ሁለታችሁ ከመጣችሁ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ብቻቸውን ከመጡ ግን አልችልም፣ ተማሪዎቹን ማታለል ይሆንብኛል አለችኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። «እኔ የጠየቅኩት ይናገራሉ ወይ ብዬ ነው» አለች። እኔ ገመዶቹን መጠቅለል ያዝኩ።

አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ጋሽ ብሩሽ ከፊቴ ተቀምጠው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር። እሺ ካልኩ ሦስት ወር ነው፤ እማዬን ከዚያ በፊት አላያትም። እምቢ ካልኩ ደግሞ እኚህ ሰው ነገ ማለዳ ተነስተው የሚሄዱበት የላቸውም። ብልሽቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ግን ባላመጣው ኖሮ እኔ ‹ጥሩ ነው› እያልኩ እሳቸው አረንጓዴ አህያ እየሳሉ ይቀሩ ነበር ብዬም አስባለሁ። ይህን አንብበህ አሁንም መጫወቻ ነው ብትል አልከፋም። ብቻ ምን ዓይነት መጫወቻ እንደሆነ ልታውቅልኝ ፈልጌ ነው።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለምን እንደቀረሁ አንተ አንብብላት፣ አህያዋ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፣ እሷ ትስቃለች። እትዬን የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኗል በልልኝ፤ እጅጌው ብቻ ለክንዴ ሳይሆን ለጋሽ ብሩሽ መሪ የተለካ ይመስላል። ትልቋ ልጅህ ደብተሯን በሥዕል ሞላችው ብለህ ተቆጥተህ ነበር፤ ደብተሩን እንዳትጥለው። ድንቡሼን ጉንጩን ንከስልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢውም የከበረ ሰላምታዬን አድርስ።

ደብዳቤውን ትናንት እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች። ጠዋት ያደረግኩትን ልጻፍልህ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ የእትዬን ሹራብ ለበስኩ። ጥገና ቤቱን ከፍቼ የድምፅ ማስተካከያውን በፎጣ ጠቀለልኩት፤ ሌላው ዕቃ ማሠልጠኛው ውስጥ አድሯል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ብሩሽ ቤት በር አንኳኳሁ። ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ ክራባት አስረዋል። መንገድ ላይ ክንዴን ያዙኝ፤ እስከ ዛሬ ከፊት ከፊቴ ነበር የሚሄዱት። የማሠልጠኛው ዘበኛ «ወዴት ናችሁ?» አለን። ጋሽ ብሩሽ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸውና «ልናስተምር» አልኩት። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንዱም ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ገመዱን ሰካሁ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። ጋሽ ብሩሽ የመጀመሪያውን ማዞሪያ አዞሩ፣ ጨርቁ በራ። «ቀይ» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ «አልተሰማም» አለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

እህትህ
ከጥገና ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሐሙስ ኅዳር ፲፱ ቀን